ባዶ ምልልስ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለመስክ ሥራ አስተባባሪዎች ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ መድረክ የሚሰጠው ሰው ዕድሉ የከፋ ነው። ስለዚህ ስላይድ አላመጣሁም። መብራት አጥፍተን ፕሮጀክተር ብናበራ ግማሻችሁ ማንቀላፋታችሁ አይቀርም።

እዚህ የተሰበሰብነው ሰዎች ሥራችን ለየቅል ነው። የእንስሳት ክትባት የምታሰማሩ አላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን የምትደግፉ አላችሁ። የሶላርና የውሃ ፓምፕ ጥገና፣ ቆጣሪ ንባብ፣ ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብ፣ የቢራና የለስላሳ ሽያጭም አለ። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው። ሠራተኞቻችን ቢሮ አይውሉም። ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ መሃሉን እኛ አናየውም። የማናየውን ቀን ግን የምናቅደው እኛው ነን።

አለቃ የስምሪት ሪፖርት ሲቀርብለት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ነዳጁ ላይ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ? ስንት ሊትር ወጣ? ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ነዳጅ በዚህ ዋጋ እያለ ማን ዝም ይላል? እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያከስረን ኪሎ ሜትሩ ነው ብዬ አላምንም። የሚያከስረን ባዶ ምልልስ ነው። ሠራተኛው ሄዶ ሰው ሲያጣ። ሰው አግኝቶ መለዋወጫውን ሳይዝ ሲቀር። መለዋወጫውን ይዞ የፓምፑ ቤት ቁልፍ ከተማ በሄደ ሰው ኪስ ሲሆን። ያ ጉዞ ሪፖርት ላይ «ተከናውኗል» ተብሎ ይገባል። ኪሎ ሜትሩ አለ፣ አበሉ አለ፣ ሥራው የለም። በሳምንቱ ያው ሰው ለዚያው ሥራ ያንኑ መንገድ ይደግመዋል።

እንግዲህ ስለ መንገድ ላንሳ። የውጭ አገር ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ እንቆቅልሽ ነው። አንድ ነጋዴ ብዙ ከተማ መድረስ አለበት፤ የቱን አስቀድሞ የቱን ቢያስከትል መንገዱ ያጥርለታል? ቀላል ይመስላል። አሥር ቦታ ብቻ ቢሆን እንኳ ሊኖር የሚችለው ቅደም ተከተል 3,628,800 ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ጆርጅ ዳንትዚግና ጆን ራምሰር የተባሉ ሰዎች ቤንዚን የሚያመላልሱ ቦቴዎችን ከዴፖ ወደ ማደያዎች እንዴት ማሰማራት እንደሚቻል ጻፉና ጥያቄውን ከአንድ ነጋዴ ወደ ብዙ መኪና አሳደጉት። ዛሬ በዓለም ላይ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ትላልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ሥሩ እዚያ ነው።

ደስ የሚል ሒሳብ ነው። ለእኛ ግን የሚጠቅመን በጥቂቱ ነው። ለምን ብትሉ፣ እጃችሁን ዘርጉና እዩት። መዳፉ ደብረ ብርሃን ነው። አንዱ ጣት ወደ አንኮበር ይሄዳል። አንዱ በደነባ አድርጎ ወደ እነዋሪ ይሄዳል። ዋናው አስፋልት ጣርማበር ይወጣና እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ይወርዳል። ሌላው በሰላ ድንጋይ በኩል መንዝ ውስጥ ወዳሉት ሞላሌና መሐል ሜዳ ይገባል። ከጣት ወደ ጣት መሻገር የፈለገ በአብዛኛው ወደ መዳፉ ይመለሳል። መሃሉ ገደል ነው።

እንዲህ ባለ አገር ላይ «ማንን አስቀድም» የሚለው ብዙም አያስጨንቅም። መንገዱ ራሱ ይነግርሃል። ሰላ ድንጋይን ሳታልፍ ሞላሌ አትደርስም። የሚያስጨንቀው የትኛው ጣት በየትኛው ቀን ይሁን የሚለው ነው። እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ መስመር የታወቀ ቀን መመደብ ነው። የመንዝ መስመር ማክሰኞና ረቡዕ ከሆነ ሁልጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ይሁን። በአንድ ቀን ሁለት ጣት አትነካኩ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሐሙስ የመጣ የመሐል ሜዳ ጥሪ እስከ ማክሰኞ ይጠብቅ። ደንበኛው መጀመሪያ ያኮርፋል። ቀኑን ሲለምደው ግን ራሱ ያስተካክላል፤ ቁልፍ ይዞ ይጠብቃችኋል፣ የጎረቤቱንም ብልሽት ደርቦ ይነግራችኋል። «ሰሞኑን እንመጣለን» የተባለ ሰው ግን የሚጠብቀው ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እውነቱን ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። ይህቺ ከተማ ከ2,800 ሜትር በላይ ነች። ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። ጣሊያን የሠራውን ያን 587 ሜትር ዋሻ ወጥታችሁ መውረድ ስትጀምሩ ሸዋ ሮቢት የምትጠብቃችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ቀትር ላይ በሸሚዝ ያልበዋል። ጉም ሲወርድ ደግሞ መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም። ይህን ሁሉ ካርታው አንድ ቀጭን መስመር አድርጎ ያሳያችኋል። ቢሮ ተቀምጦ በኪሎ ሜትር አካፍሎ «ከሰዓት በፊት ሦስት ቦታ ይደርሳል» የሚል ሰው ያን ቁልቁለት አንድ ቀን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ቢወርደው ጥሩ ነው።

ወፍ በረር ርቀትማ ጭራሽ አይታመንም። እነዋሪ ባለችበት ወረዳ፣ ሞረትና ጅሩ አፋፍ ላይ ቆማችሁ መርሐቤቴን ታዩታላችሁ። መሃል ላይ የጀማ ሸለቆ አለ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን «ቅርብ ናቸው» ብሎ አንድ ላይ ሊያስራቸው ይችላል። የአካባቢው ሰው ሲሰማ ይስቃል። ስለዚህ የራሳችሁን ሠንጠረዥ አዘጋጁ። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይሁን፤ ደግሞም ለበጋና ለክረምት ለየብቻ። ክረምት ላይ የእነዋሪን መረሬ፣ ያን ጥቁር የሚጣበቅ አፈር፣ የማያውቅ አለ? ሞተር ሳይክሉ ትንሽ እንደሄደ ጭቃው ጎማውና ጭቃ መከላከያው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ልጁ ይወርዳል። እንጨት ፈልጎ ይቆፍራል። ይነሳል። ትንሽ ሄዶ እንደገና ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለዚያ መስመር ሞተሩን ጠጠር መንገዱ ዳር አሳድሮ በእግር መግባት ይሻላል፤ የቀኑንም ሥራ በግማሽ መቀነስ። የበጋውን ዕቅድ ሳይነኩ ለክረምት መስጠት ባዶ ምልልስን ጠርቶ ማምጣት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፤ ሰው የሚገኝበት ሰዓት።

መንዝ ላይ በግ መከተብን ውሰዱ። በጉ የሚገኘው ከጋጣው ሳይወጣ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ አለ፤ ውርጩ ሳይረግፍ በግ አይሰማራም። ስለዚህ ጠዋት አንዲት ጠባብ ሰዓት ትገኛለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል እረኞቹ በጎቹን ነድተው ወደ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ልኮ ማሰብሰብ ቀኑን ይበላዋል። ከደብረ ብርሃን ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ከታቢ ጎጡ ሲደርስ በጉ ሄዷል። ክትባቱ ደግሞ በረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ አለበት። ደስታ መሰል ለሚባለው የበግና የፍየል በሽታ የሚሰጠው ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አይቀመጥም። አንድ ብልቃጥ ከፍቶ ጥቂት በግ ብቻ ያገኘ ከታቢ የቀረውን ይደፋዋል።

ታዲያ ዕቅዱ ምን ይምሰል? ዋዜማውን ሞላሌ ማደር። ማታውኑ የጎጡን ሽማግሌ ማግኘት፤ ነገ በጎቹ በየትኛው ሜዳ ወይም በየትኛው በረት እንደሚሰበሰቡ መስማማት። ጎህ ሲቀድ እዚያ መገኘት። በሪፖርት ዓይን ይህ ውድ ነው፣ የአዳር አበል አለበትና። በተከተበ በግ ብታካፍሉት ግን ርካሹ እሱ ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29። ደጋው ላይ በእነዚህ ቀኖች ገበሬ በሬ አይጠምድም። ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያ ያቀደ ባለሙያ ለ12 ከቀጠረ ቀጠሮው የለም ማለት ነው። የቤቱን አባወራ አግኝቶ ማነጋገር ለሚፈልግ መረጃ ሰብሳቢ ግን ያው ሚካኤል ከቅዳሴ መልስ ወርቅ ቀን ነው። ሰውዬው ወይ ቤቱ ነው ወይ ጽዋ ማኅበር ላይ ነው። ቆላ ስትወርዱ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ዙሪያ፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ ያን ሰዓት ለማንም አትቅጠሩ። በየአጥቢያው የሚከበረው ታቦት ደግሞ ይለያያል። ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው በላይ የጎጡን ሰው መጠየቅ ያዋጣል።

ገበያም እንዲሁ ነው። በገበያ ቀን ቤት ለቤት መዞር ዋጋ የለውም፤ ሰው የለም። መልእክት ለማስተላለፍ፣ ዕቃ ለመሸጥ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እንመጣለን» ለማለት ግን ከገበያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ደግሞም በሌላው ቀን መኪና የማያይ መንገድ በገበያ ቀን አይሱዙና ሚኒባስ ይበዛበታል። የራሱ መኪና የሌለው ሠራተኛ በዚያ ተሳፍሮ ገብቶ ማደር ይችላል። የጎረቤታችን የሰንበቴ ከተማ ገበያ እሑድ ይውላል፤ በዚያ መስመር የምትሠሩ እሑድንና ሰኞን አያይዛችሁ አስቡ።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር አንድ የምታውቁት ጣጣ አለ። የስልኩ አፕ 8፡30 ይላል። ቢሮ ያለው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ማለቱ ነው። መስክ ያለው ልጅ ስምንት ተኩል ብሎ ያነበዋል፤ ከምሳ በኋላ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስድስት ሰዓት ግን ጠፋ። መፍትሔው ቀላል ነው። በሥራ ዝርዝር ላይ ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ «ጠዋት 2፡30» በሉ። ቀኑንም በእኛው ጻፉ። ኅዳር 12 ያለ ሰው ሚካኤል መሆኑን ያያል። ኖቬምበር 21 ያለ ሰው ላያየው ይችላል።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ «የትኛው አፕ ይሻላል» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ከአፕ በፊት የሳጥን ወሬ ላውራ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ጤና ኬላዎች የቤተሰብ ማህደር ያዙ። ከማህደሩ ጎን በየወሩ የተከፋፈለ ሳጥን አለ። አንዲት እናት በጥር መታየት ካለባት ካርዷ ጥር ክፍል ውስጥ ይገባል። ጥር ሲብት ኤክስቴንሽኗ ያን ክፍል ትከፍታለች፤ ማንን መጎብኘት እንዳለባት ፊቷ ላይ ነው። ወሩ አልቆ እዚያ የቀረ ካርድ ካለ ያልተገኘ ሰው አለ ማለት ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። በኋላ የመጣው የታብሌት ሥርዓት ኮምኬር በሚባል መድረክ ላይ የተሠራ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል፤ ሲገኝ ይልካል። ጥሩ ነገር ነው። ሐሳቡን ግን ሳጥኑም ያውቀው ነበር።

ሌላ የካርድ ታሪክ ልጨምር፤ ከአሜሪካ ነው። አትላንታ ውስጥ ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ምሳ የሚያደርስ በጎ አድራጎት ነበር። ገንዘብ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ደንበኞቹ በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ይድናል፣ አንዱ ያርፋል፣ አዲስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ባርቶልዲ የተባለ የጆርጂያ ቴክ መምህር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አመጣ። በከተማው ካርታ ላይ ሰፈሩን ሁሉ እየተጠማዘዘ የሚያዳርስ አንድ መስመር አሰበ። እያንዳንዱ አድራሻ በዚያ መስመር ላይ ስንተኛ እንደሆነ ከሠንጠረዥ ተነቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ካርድ ላይ ይጻፋል። ካርዶቹን በቁጥር ደርድሮ በሾፌሮቹ ልክ ማካፈል ነው፤ አለቀ። አዲስ ሰው ሲመጣ ካርዱ ቦታው ላይ ይሰካል፣ የሄደው ይወጣል። መንገዱ ከሁሉ አጭሩ ላይሆን ይችላል። ግን ማንም ሰው በደቂቃ የሚሠራው ነው።

ይህን እኛ አገር ማድረግ ይቻላል። ጎጦቻችን በአብዛኛው በአንድ ጋራ ወገብ ላይ የተሰለፉ ናቸው። በእግረኛው መንገድ ቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው። ካርድ ይሁን ኤክሴል ግድ የለም። ዳታ ለወራት ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ አልረሳችሁትም። ያን ጊዜ ስምሪቱን በቴሌግራም ብቻ ይሰጥ የነበረ ሰው ምን ላይ እንደወደቀ ታስታውሳላችሁ። ወረቀት ላይ የነበረው ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ አፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካርታ ከፈለጋችሁ ኦስማንድ የመሰለውን፣ አስቀድሞ የሚወርደውን ያዙ። ለመጠይቅ ኮቦ የሚባለው አፕ ያለ ኔትወርክ ይሞላል። ፓወር ባንክ መግዛትም አትርሱ፤ ብርዱ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ስለ ሥራ ዝርዝሩ በአጭሩ። አንድ መስመር ላይ የቦታው ስም፣ የሚገኘው ሰውና ስልኩ፣ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ ምን መያዝ እንዳለበት ይኑር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልግ ከሆነ እሱም። ዋዜማ ማታ ተደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑና ሰውዬው መኖሩ ይረጋገጥ። ያልተደወለለት ሥራ ዝርዝር ውስጥ አይግባ። ቀኑንም እስከ አፉ አትሙሉት። ከሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ጎማ ይፈነዳል፣ ለቅሶ ይገጥማል፣ «ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም» የሚሉ እናት አሉ። እሳቸውን እምቢ ብሎ የሄደ ልጅ በሚቀጥለው ወር በሩ ይዘጋበታል።

ከተሰብሳቢው ሦስት ጥያቄ ተነስቶ ነበር። መልሶቼን እዚህ አያይዣለሁ።

«ሠራተኛው የት እንዳለ በስልኩ ጂፒኤስ እንከታተለው?» ለሚለው፦ የሥራውን ቦታ መዝግቡ። ፓምፑ፣ ቤቱ፣ ታንከሩ የት እንዳለ አንዴ ከተያዘ አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም። ሰውዬውን ደቂቃ በደቂቃ መከታተል ግን ጠብ ነው ትርፉ። ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ስክሪኑ ላይ አፋፉ ላይ እንደቆመ ይቀራል። አለቃው ይደውላል፣ አይነሳም፣ «ተኝቷል» ይባላል። ልጁ ያን ሰዓት ገደል እየወጣ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ እንቅስቃሴው የሚመዘገብበት ስልክ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በየሰፈሩ ጥርጣሬ ያስነሳል። የልጁን ደኅንነት አስቡ። በጠዋት መውጫና በማታ መግቢያ አጭር ጥሪ ይበቃል።

«ውሎ አበል መንገዱን አያበላሽም ወይ?» ለሚለው፦ ያበላሻል፤ ሁላችንም እናውቃለን። አዳር ሲከፈል ሥራው ይለጠጣል። አዳር ሲከለከል ደግሞ ሌሊት ተነስቶ፣ ከሰዓት ደርሶ፣ ባዶውን ይመለሳል። የሁለተኛው ጉዳት ስለማይታይ እንጂ ይብሳል። ለየመስመሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሞላሌ የክትባት ሥራ አዳር አለው፤ ደነባ የለውም። ልጁ አበል ለማግኘት ምክንያት መፈለግ የለበትም፤ እናንተም መጠርጠር የለባችሁም።

«ከየት እንጀምር?» ላለችው እህት፦ አፕ አትግዙ። ለአንድ ወር በምትጠቀሙበት ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ «ያልተሳካበት ምክንያት»። ሰው አልነበረም፣ መለዋወጫ አልተያዘም፣ መንገድ ተዘጋ፣ በዓል ነበር፣ ቁልፍ ጠፋ። እነዚህን ብቻ ምልክት ያድርጉ። ቅጣት እንደሌለው በቃልም በጽሑፍም ንገሯቸው። ቅጣት ካለው ወሩን ሙሉ የምታነቡት «ተከናውኗል» ብቻ ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ዓምዱን ቁጠሩት። «ሰው አልነበረም» ከበዛ የምትነኩት ቀኑንና ሰዓቱን ነው፤ «መለዋወጫ አልተያዘም» ከበዛ ጉዳዩ የመጋዘን ነው። የመንገዱን ካርታ ከዚያ በኋላ ትከፍቱታላችሁ።